የጭቃ ልጆቻችንና የካፒታኖው አንገት

ሰው የሚፈራውን ሰው ደጅ በሳምንት ሁለት ቀን ሲመላለስ ምን ይባላል? ሞኝ እንዳይባል የሚያገኘው ጥቅም አለ። ብልህ እንዳይባል ከነፍርሃቱ ነው የሚሄደው። ይህን ከራሴ ጋር ስጠያየቅ ዓመት አለፈኝ፤ መልሱ ግን እስካሁን አልመጣም። እናንተም ቸኩላችሁ እንዳትመልሱልኝ። ነገሩን መጀመሪያ ስሙት፤ ፍርዱ ኋላ ይደርሳል።

ጽሕፈቴን ግን አትፍረዱብኝ። ፊደል የቆጠርሁት አባቴ ወንድሜን ሲያስቆጥሩት ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ነው፤ ወንድሜ ዳዊት ሲጀምር እኔ ተዳርሁ። ስለዚህ አንዱን ቃል ከሌላው ጋር አጣብቄው ብታገኙ ለያይታችሁ አንብቡት።

እንግዲህ እኛ ቡሬ ዙሪያ ያለን ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ወጣችንን ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት እንሠራለን፤ ውሃችንን እሷ በሠራችው እንስራ እንቀዳለን፤ ጠላችንን እሷ በሠራችው ጋን እንጠምቃለን። ከዚያ በልተን ጠጥተን ስናበቃ፣ እሷ ራሷ በደጅ ስታልፍ ልጆቻችንን በነጠላ እንሸፍናለን። ዓይኗ ሰው ይበላል ይባላላ። እጇ የነካው ድስት ከአፋችን የሚገባ፣ ዓይኗ ያየው ልጅ ግን የሚታመም እንዴት ሆኖ እንደሆነ ጠይቄ፣ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። የማያምን ሰውም አላገኘሁም። እኔም አምናለሁ። ከኋላዋ «ያች» እንላታለን፤ እንስራ ሲሰበርብን ግን «እትዬ ዘርፌ» ትሆናለች፣ ያውም በአንቱታ።

የነገሩ መነሻም እንስራ ነው። ወይም አውሮፕላኑ ነው። ወይም ጡቴ ነው። ከየት እንደምጀምረው ተመልከቱልኝ እንግዲህ።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ተቀምጧል። ባሌ ገብሱን አጭዶ ሲጨርስ ማጭዱን ሰቀለና ጠመንጃውን አወረደ፤ ከአርበኞቹ ጋር ቆላ ወረደ። እኔ ከአማቴ ከእመት ውባለምና ከአምስት ወር ሴት ልጄ ጋር ቀረሁ። የልጄን ስም አልነግራችሁም፤ አትቀየሙኝ፣ ወረቀት በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ሰፈሩ እንደሚጠራት እንቧይ በሏት። ክርስትና ስሟም ቤት የምንጠራትም ሌላ ነው፤ እንቧይ የተባለችው ክፉ ዓይን ስሙን ሰምቶ እንዲጸየፋት ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሊጥ ሳቦካ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። የጣለብን ነገር የለም። አለፈ ብቻ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በሳልስቱ ደግሞ ጡቴ ደረቀ። እመት ውባለም አጥሚቱንም ተልባውንም አጠጡኝ፣ አልሆነም። ግሽ ዓባይ ወጥቼ እንዳልጠመቅ መንገዱን በዚህ በኩል ጣሊያን፣ በዚያ በኩል የኛዎቹ ይዘውታል፤ ሁለቱም ማን ነሽ ይላሉ። ለእንቧይ የላም ወተት በጨርቅ እየነከርን ብንሰጣት ትተፋዋለች። ጉንጯ ጎደለ። ማልቀስ ስታበዛ ታናድደኝ የነበረችው ልጅ፣ ማልቀስ ስትተው ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

በዚህ መሀል ምንጭ ወርጄ ስመለስ እንስራው ከሚንቀጠቀጠው እጄ አመለጠ። ልጄን ከአማቴ ጋር ትቼ እትዬ ዘርፌ ዘንድ ሄድሁ። አንዱን እንስራ አነሣሁት፣ ወደቀ። ሌላውን አነሣሁት፣ እሱም ወደቀ።

«አንቺ ልጅ፣» አለችኝ፣ «እንስራ ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ጣሊያን ልኮሽ ነው?»

«እጄ ነው እትዬ፤ እንቢ አለኝ።»

«ሦስተኛውን አልሰጥሽም። ጭቃው ያውልሽ፤ ራስሽ ሥሪው። ራስሽ ከሠራሽው ምናልባት ታዝኝለት ይሆናል።»

ከወንዝ ዳር የመጣ ጥቁር አፈር ነው፤ የተፈጨ ገል ተደባልቆበታል። ተንበርክኬ ማሸት ጀመርሁ። ስገፋው ይመለሳል፤ ሳጥፈው ይዘረጋል። መጀመሪያ ከጭቃው ጋር ተጣላሁ፤ ቀጥሎ ከአውሮፕላኑ ጋር፤ ቀጥሎ ስንቁን ረስቶ ከሄደው ባሌ ጋር። ስንቱን ተሳድቤ ቀና ስል እጄ ዝም ብሏል። ቀሚሴ ደረቱ ላይ ርሷል። ውሃ የተረጨብኝ መስሎኝ ስነካው ሞቅ ያለ ነው።

እትዬ ዘርፌ ቀሚሴን አየችና ፊቷን ወደ ጭቃው መለሰች። «ሩጪ» አለችኝ።

ሮጥሁ። እንቧይ ጠባች፣ ጠባች፣ ጠብታም እንደ ሰካራም ተዘረረች። እመት ውባለም ምን አድርገሽ ነው ሲሉኝ አጥሚቱ ነው አልኋቸው። ደስ አላቸው።

በማግስቱ ተመልሶ ደረቀ። ቤት ውስጥ ሊጥ ባቦካ አልሆነም፤ አውሮፕላኑ የመጣብኝ ሊጥ ሳቦካ አልነበር? ጭቃውን ወደ ቤት አምጥቼ ብሞክር፣ አማቴ በላዬ ቆመው ሲያዩኝ ወተቱ ያፍራል መሰለኝ አይመጣም። እዚያ አሽቼ እንዳልሮጥ መንገዱ ዳገት ነው፤ ሁለተኛ ስሞክረው መንገድ ላይ ጠፋ። እንግዲህ ልጄ እንድትጠባ ወደ ሸክላ ሠሪዋ መውሰድ ሊኖርብኝ ነው፤ ከወሰድኋት ደግሞ ልታየብኝ ነው። እስቲ ይህን ለሊቅ ስጡትና ይፍታው።

ወሰድኋት። ሦስት ክታብ አንጠለጠልሁላት፣ ጤና አዳም በጆሮዋ ሰካሁ፣ በነጠላ ላይ ጋቢ ደረብሁ። ልጅ የያዝሁ ሳይሆን የእህል ስልቻ የተሸከምሁ ነው የምመስለው። እትዬ ዘርፌ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ያ ነው የከበደኝ።

«እኔ ጀርባዬን ልስጥሽ?» አለችኝ።

«ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል» አልሁ፣ አፈር ልብላና።

ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ስንሠራ ቆየንና፣ እንዲያው እንደ ዋዛ፣ «ዓይኔ የግድ የሚያርፍበት ልጅ ካስፈለገው፣ ለምን ማረፊያ አንሰጠውም?» አለች። አንድ ጭብጥ ጭቃ ከትከሻዋ በላይ ወደ ኋላ አቀበለችኝ። እኔም ሠራሁ። ራስ፣ ሆድ፣ ሁለት እግር። አፍንጫውን በአውራ ጣቴ ቆነጠጥሁት። ፊት ለፊቷ አኖርሁላት።

ጎንበስ ብላ አየችው። ብዙ ጊዜ አየችው።

«ዓይኗ እንዴት ያምራል» አለች። «ግንባሯ። ይህን ጉንጭ ተመልከቱልኝ።» ለካ ሴትዮዋ በዕድሜዋ ሙሉ የሰው ልጅ አድንቃ አታውቅም፤ ማን ፈቅዶላት? አፏ ውስጥ የተጠራቀመውን ሁሉ ለጭቃዋ ልጅ አወረደችላት። የኔዋ እንቧይ ጭኔ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ትጠባለች፤ የጭቃዋ ትሞገሳለች። እኔም እላችኋለሁ፣ ትንሽ ቀናሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አይቆይም። አንድ ቀን ስሄድ፣ ከበሩ ጀርባ አንዲት ሴት ተከናንባ ጭቃ ታሻለች። እመት ውባለም ናቸው። እኔን «በዚያች ደጅ እንዳታልፊ» ብለው በሚካኤል ያስማሉኝ እመት ውባለም።

«ድስት ላሠራ መጥቼ ነው» አሉኝ።

«እኔም እንደዚሁ» አልኋቸው።

ልጃቸው ከሄደ ጀምሮ እህል ከጉሮሯቸው አይወርድም ነበር፤ ጭቃውን አሽተው ሲመለሱ ግን ቆሎ መቆርጠም ጀምረዋል። እኔ አጥሚቱ ነው እንዳልኋቸው፣ እሳቸውም ጠበሉ ነው ብለውኝ ነበር። ከዚያማ እንቅልፍ ያጣችው መጣች፤ ልቧ የሚመታባት መጣች፤ ምንም ሳትታመም እኛ ምን እንደምናወራ ለመስማት ብቻ ታመምሁ ያለችም መጣች። ሰባት ሆንን። እየዘፈንን እናሻለን፣ እየሳቅን እናሻለን፤ አንዷ ስታለቅስ ሌሎቻችን ጭቃውን ጠበቅ አድርገን እንመታለን፣ እንዳይሰማባት። እያንዳንዳችንም የጭቃ ልጅ አለን፤ ልጆቻችንን ከኋላ፣ ጭቃዎቹን ከፊት። እመት ውባለም አዝለው የሚደብቁት ሕፃን ስለሌላቸው፣ ቆላ የወረደውን ልጃቸውን፣ የኔን ባል፣ ከነጢሙ ሠሩት። ትከሻው ላይ ጠመንጃ ነው ብለው ስንጥር ሰኩለት።

ያ ጢም ነው ያስፈጀን።

ሰባት ሴት እየተሰበሰበ ይስቃል የሚል ወሬ ምሽጉ ደረሰ። በዚያን ዘመን የሚስቅ ሰው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። አንድ ቀን ቀትር ላይ የምሽጉ አለቃ ካፒታኖው በበቅሎ፣ ለጣሊያን ያደሩት ወታደሮች አስካሪዎቹ በእግር፣ አስተርጓሚውም ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ደፍቶ መጡ። አስተርጓሚው የቡሬ ሰው ነው፤ ከጣሊያኑ ይልቅ እትዬ ዘርፌን እንደሚፈራ ባርኔጣው ይናገራል። ጥይት ፍለጋ በየጋኑ እጃቸውን ሰደዱ። ያገኙት ጎመን ዘር ነው። ከዚያ የጭቃ ልጆቹን አዩ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለ አስተርጓሚው፣ መሬት መሬት እያየ።

«ልጆቻችን ናቸው» አልን።

«ይሄስ ባለ ጢሙ?»

«እሱም የኔ ልጅ ነው» አሉ እመት ውባለም። ይህን ሲሉ ስንጥሩን ከትከሻው ነቅለው ጥርሳቸውን መፋቅ ጀምረዋል።

«የት ነው ያለ?»

«ይኸው፣ ታየዋለህ አይደል።»

ካፒታኖው ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ የራሱን ጢም ነካ። ጭቃዎቹን ቆጠረ፤ ሰባት። ምሽጉ ውስጥ ያሉት ነጮችም እንደ ዕድል ሆኖ ሰባት ነበሩ። አስተርጓሚው በነሱ ቋንቋ ረዥም ነገር ነገረው፤ ስለ እትዬ ዘርፌ ዓይን መሆኑን ከእጁ አኳኋን አወቅን። ካፒታኖው ሳቀ። ትንሽ ቆየና ሳቁን ተወ። ልጆቻችንን በጥይት ሣጥን ውስጥ ገለባ አንጥፈው፣ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቀው ጭነው ወሰዷቸው። ከእንግዲህ ከሁለት ሴት በላይ አንድ ላይ እንዳይቀመጥ ተባለ።

እጄ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ወተቱ ጠፋ። ብቻዬን እትዬ ዘርፌ ዘንድ ሄጄ ባሽም፣ ዓይኔ ከበሩ አልነቀል አለ። ለምን ሌላ የጭቃ ልጅ አልሠራሽም ትሉኝ ይሆናል። ሠራሁ። በሚንቀጠቀጥ እጅ የተሠራ ልጅ ግን ድንች ነው የሚመስለው፤ ድንች ላይ የሚያርፍ ዓይን የለም። እንቧይ በሦስተኛው ቀን ማልቀሷን ተወች። በአራተኛው ቀን ጠዋት አዝያት ወደ ምሽጉ ሄድሁ።

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁ» አልሁት በር ላይ ለቆመው አስካሪ።

«ልጅሽ ጀርባሽ ላይ ናት።»

«ሌላዋን።»

አስገቡኝ። ሰባቱ ልጆቻችን ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ባለ ጢሙ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ካፒታኖውም አጠገቡ ተቀምጧል፤ አንገቱ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። በዚያ በጠባብ የሸራ አልጋ ተጣሞ አድሮ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ እሱ ግን አንዴ ጭቃውን፣ አንዴ እኔን ነው የሚያይ፣ ያውም አንገቱ ስለማይዞር ከነወንበሩ እየተሽከረከረ።

«ምን አድርጋችሁበት ነው ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

«ምንም አላደረግንበት። ጭቃ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል። ጥላ ነው የሚፈልግ፤ እርጥብ ጨርቅም አንገቱ ላይ።»

ተረጎመለት። ካፒታኖው ብድግ አለና ወንበሩን ወደ ጥላው ወሰደ። ፎጣ አስነክሮ አንገቱ ላይ ጠመጠመ። ከተቀመጠና ከተመቻቸ በኋላ ነው ጭቃው ትዝ ያለው።

«ይድናል ወይ ይልሻል።»

«እኔ አላውቅበትም። የሚያውቁት እትዬ ዘርፌ ናቸው።»

አስተርጓሚው ይህን አልተረጉምም አለ። ካፒታኖው ጠረጴዛውን ሲመታ ተረጎመ።

እትዬ ዘርፌን ጠሯት፤ ከእሷ ጋር ሰባታችንንም። ስትገባ አስተርጓሚው ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ቆመ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለግንቡ ነው ሲተረጉም የነበረው። እትዬ ዘርፌ ስንጥቁን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እኔ እንኳ አውቃለሁ። ቀና ስትል ጀርባዬ ላይ ያለውን የጋቢ ጥቅልል አየች፤ ጥቅልሉን ብቻ፣ የልጄን ፊት አይደለም። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«አንድ ወር ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰባቱም ሴቶች ባሉበት። አንዷ ከጎደለች አልሠራም።»

ለምን እንዲህ እንዳለች አልገባኝም ብል ውሸቴን ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ጣሊያን ግቢ ውስጥ ጭቃ ስናሽ ከረምን። ወተቴ ተመለሰ። እንቧይ ጥጋብ ያወቀችው በባንዲራቸው ጥላ ሥር ነው፤ ጣሊያን ለእኔ የዋለልኝ ውለታ ቢኖር ይኸው አራት ክንድ የምትሆን ጥላ ነች። ካፒታኖው መጀመሪያ ሊጠብቀን ነበር የሚቀመጥ። በሁለተኛው ሳምንት እጅጌውን ሰበሰበ። ሲያሽ በቋንቋው ይነጫነጫል፤ ከማን ጋር እንደተጣላ አናውቅም፣ ከአለቃው ይመስለኛል። ሲኒ ነው ብሎ የሠራው ነገር እንደ ግመል እግር ጎባጣ ነበር፤ አስካሪዎቹ ተሯሩጠው አደነቁለት። በወሩ መጨረሻ የጭቃው አንገት ተጠገነ፤ የሱም አንገት ዞረ። አንዱን ያዳነው የትኛው እንደሆነ እንግዲህ እናንተ ድረሱበት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሊያኖቹ ጓዛቸውን ሰብስበው ቡሬን ለቅቀው ሄዱ። ግቢያቸው ስንገባ ስድስቱ ልጆቻችን በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ባለ ጢሙ የለም። ካፒታኖው ይዞት ሄዷል። በዚያው ሳምንት ባሌ ከቆላ ተመለሰ፣ ጢሙን በበረሃ ተላጭቶ። እመት ውባለም አገላብጠው ሳሙት፤ ማታ ግን ለጎረቤት ሲያወሩ ሰማኋቸው፦ «ይሄኛውም ደህና ነው። የኔ ልጅ ግን ጣሊያን አገር ነው ያለ።»

ይህን የምጽፍበት ወረቀትም ከዚያ ግቢ የለቀምሁት ነው። መለስ ብዬ ሳነበው አንድ ነገር አየሁ፦ እመት ውባለምን «አሉ» እያልሁ፣ እትዬ ዘርፌን «አለች» እያልሁ ነው የመጣሁ። ላርመው ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን አስተካክላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ዘርፌ ዘንድ ነበርሁ። አሁንም እንሄዳለን፤ ጦሩ ቢያልቅም እጅ መንቀጥቀጡን በአንድ ጊዜ አይተውም። እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ «ልጅቱ መራመድ ጀመረች ሲሉ ሰማሁ» አሉኝ።

«እውነት ነው እትዬ።»

«አንድ ቀን ፊቷን አሳዪኝ። ከሩቅም ቢሆን ግድ የለኝም።»

ምሽግ የገቡልኝ ሴት ናቸው። ልጄ ዛሬ የምትራመደው በሳቸው አንድ ወር ነው። ዞር በሉ አልኋቸው። ዞሩ። እጄ ወደ ጋቢው ሄደ፤ እውነቴን ነው፣ ልገልጠው ነበር። እጄ ደርሶ ሲመለስ ግን የያዘው የጭቃዋን ልጅ ነው። አቀበልኋቸው።

ተቀበሉኝ። በአውራ ጣታቸው ጉንጯን ጠረግ ጠረግ አደረጉላት።

«እንዴት አድጋለች» አሉኝ።

ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል እንጂ አያድግም። ይህን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። እንቧይ አሁን በእግሯ ናት፤ ጋቢ ውስጥ አትቆይልኝም። ብገልጣትና አንድ ነገር ብትሆንብኝስ? ብሸፍናትና እትዬ ዘርፌ ሌላ ቀን ባይጠይቁኝስ? እመት ውባለምን ምክር ጠየቅኋቸው፤ «ልጅሽን አሳዪያቸው፤ የልጄን ልጅ ግን እንዳታሳዪ» አሉኝ። አንድ ልጅ ናት።

እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ከቅዳሜ በፊት ንገሩኝ። ቤቴ ከምንጩ በላይ ያለው ነው። ስትመጡ ልጅቱን ደጅ ላይ ታገኟት ይሆናል፤ እባካችሁ፣ ቆንጆ ናት ብቻ አትበሉብኝ።